የጓሯችን ጤና አዳም ሲታመም

«በዚህ በረሃ ደግሞ የምን ሻጋታ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ካኩማ ዝናብ ብርቅ የሆነበት አገር ነው። ነገር ግን ከቤታችን ጥግ በጆንያ የተከልነው በሶብላና ጤና አዳም የሚኖረው በዝናብ ሳይሆን በእቃ እጣቢያችን ነው። ጠዋት ማታ ውሃ እየደፋን፣ በጥላ እየጋረድን፣ ብዙ ችግኝ በአንድ ጆንያ እያጨናነቅን ለሻጋታ የሚመች ትንሽ ክረምት ራሳችን ፈጥረንለታል።

በበኩሌ የምለው፣ የታመመ ተክል ነቅሎ ማቃጠል ቢያሳዝንም መድኃኒት ገዝቶ ከመርጨት በብዙ ይሻላል ነው።

ገና የበቀለ ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ድፍት ካለ ፀሐይ መታው ብቻ አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ አንገቱን የሚቆርጠው ውሃ በበዛበት አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ነው። ያደገ በሶብላ ደግሞ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ በአንድ ጎኑ ከጠወለገና ግንዱ ላይ ቡናማ መስመር ከታየ ፉዛሪየም የሚባለውን ጠርጥሩ። ይህኛው ክፉ ነው። በዘርም በአፈርም ይተላለፋል፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። በዚያው አፈር እንደገና በሶብላ መትከል ከንቱ ድካም ነው። ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው በሽታ የረጠበ ቅጠል እንኳን አይፈልግም፣ ጥላና መጨናነቅ ይበቃዋል። ናና ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካወጣ ዋግ ነው። ስንዴ ያረሰ ሰው ዋግን ያውቀዋል፤ የናናው ግን የራሱ ዓይነት ነው፣ ወደ ስንዴ አይሄድም።

ጎረቤት መጥቶ «እስቲ አንድ ቅርንጫፍ» ሲል መከልከል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ይሁን እንጂ የናና ዋግ ከሥሩ ጋር ተደብቆ ከቤት ቤት የሚዞረው በዚሁ ደግነታችን ነው። ከታመመው አልሰጥም ማለት ንፉግነት አይደለም።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ስም ሳይጻፍበት በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ ዱቄት ምን እንደሆነ በምን እናውቃለን? የነፍሳት መግደያ ከሆነ ሻጋታን አይገድልም። ጤና አዳሙን እኮ ሳናበስለው ቡና ውስጥ ነው የምንነክረው! ዳማከሴም ምች ለመታው ልጅ ተጨምቆ ይጠጣል። (ትኩሳት ካለ ግን ወደ ክሊኒክ ሂዱ፣ ወባ በዳማከሴ አይድንም።) የረጨነው መርዝ በቀጥታ ወደ ልጃችን አፍ ይገባል ማለት ነው።

ለበርበሬ የሚሆነውን በሶብላም በደንብ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ አትቋጥሩት። የሻገተውን ደግሞ ጣሉት፤ አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በማመስም ሆነ በማፍላት አይጠፋም። ለገበያ የምታቀርቡ እናቶችም ይህን አደራ።

የውሃ ተራችሁ ማታ ከደረሰ በጀሪካን አሳድሩትና ጠዋት ሥሩ ላይ አፍስሱ እንጂ ቅጠሉን አታጥቡት። ዘርና ጆንያ የሚያድሉን ድርጅቶችም ስለ አተካከል ሲያሠለጥኑ ስለ በሽታው አንድ ቀን ይጨምሩልን። እስከዚያው በየብሎኩ አንድ ሁለት ሰው ጤነኛ እናት ተክል ለብቻው፣ በአዲስ አፈር ቢይዝ፣ የነቀለ ሰው ዘሩን ከዚያ ያገኛል።