ገደብ ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሐሙስ ማታ ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈቱና «ልጄ፣ አንዷን ቃል አንብቤያታለሁ። ሌላው አልሆነልኝም» አሉኝ። ያነበቧት ቃል «ማስጠንቀቂያ» የምትለዋ ናት። ረጅም ቃል ናት እኮ! በጣም ደስ አለኝ። ወረቀቱን ሳነበው ግን ደስታዬ ቀነሰ።

ወረቀቱ ከፍርድ ቤት የመጣ ነው። ሁለት ሳምንት ከጣራ ክዳን ሥር ተሸጉጦ ከርሟል። ቀጠሮው አራት ቀን ብቻ ቀርቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው አምና በእርሻ ድንበር ተጣልተው ጎረቤታቸውን በዱላ መቱ። ፍርድ ቤት ስድስት ወር ቀላል እስራት ፈረደ። ቅጣቱን ግን በሁለት ዓመት ገደብ አደረገው። ሰውየው እቤታቸው ገቡ። ጠላ ተጠመቀ፤ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» አለ። በዚያው ያለቀ መሰላቸው። ዘንድሮ ውርጭ ገብሱን ሲመታው ለማንም ሳይናገሩ ለቀን ሥራ ደብረ ብርሃን ሄዱ።

ታዲያ ገደብ ምንድን ነው? ገደብ መፈታት አይደለም። ምሕረትም አይደለም። እስራቱ ተፈርዷል፤ ግን አይፈጸምም፤ ሰውየው እቤቱ ሆኖ ጠባዩ ይታያል። ይህ የፈተና ጊዜ ይባላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህ ጊዜ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ከአምስት ዓመት አይብለጥ ይላል። አመክሮ ሌላ ነው። አመክሮ ከቅጣቱ ሦስት እጅ ሁለቱን ታስሮ ለጨረሰ ሰው ነው።

በገደብ የተለቀቀ ሰው ግዴታ አለበት። የተጎዳውን እንዲክስ ይታዘዛል። መጠጥ እንዳይጠጣ፣ ከአንድ ቦታ እንዳይደርስ ወይም ከሚኖርበት ስፍራ እንዳይለቅ ሊታዘዝም ይችላል። የእኒህ ሰው ትእዛዝ «ሳያስፈቅድ ከወረዳው እንዳይወጣ» ይላል። ተነቦላቸው ነበር። ግን ፍርድ ቤት ቆሞ የሰማውን ማን ያስታውሳል? ወረቀቱም ሳጥን ገባ።

የመንዝ ሰው ለክልክል አዲስ አይደለም። በድሮው የቄሮ ሥርዓት ጓሳ ሳይከፈት ሣር ያጨደ ይቀጣ ነበር። ገደብም ክልክል ነው፤ ያፈረሰ ይጠየቃል። ሕጉ ግን ማስጠንቀቂያን ያስቀድማል። ሰውየው ይጠራል፤ ምክንያቱን ያስረዳል። ዳኛው ሊገሥጸው ይችላል። ተነግሮት፣ አውቆ፣ እንደገና ካፈረሰ ግን ገደቡ ይነሣል። ያን ጊዜ ያ የተቀመጠው ስድስት ወር ይፈጸምበታል። በፈተናው ጊዜ አውቆ ሌላ ወንጀል የሠራማ ነገሩ ይብስበታል። የአዲሱም ቅጣት ይጠብቀዋል።

እስራት ቀርቶለት የግዴታ ሥራ የተፈረደበትም ሰው አለ። ከአንድ ቀን እስከ ስድስት ወር ይሆናል። እቤቱ እያደረ ይሠራል። ሥራውን ከተወ ፍርድ ቤቱ ከሥራው ስፍራ እንዳይወጣ ሊያዝበት ይችላል።

«እንግዲህ ይታሰራል?» አሉኝ እናትየው። «እትዬ፣ ፍርዱ የዳኛው ነው። ቀርበው ያስረዱ። ውርጭ መታን፣ ልጆች ራባቸው ይበሉ። የቀን ሥራውን ማስረጃ ካገኙ ይያዙ» አልኳቸው። መቅረት ግን ሌላ ጥፋት ይመስላል። ዳኛው ፖሊስ ይዞ እንዲያመጣቸው ሊያዝ ይችላል። ፈቃድ መጠየቅ የነበረባቸው ከመሄዳቸው በፊት ነበር። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ዓርብ ጧት ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ሾፌር መልእክት ተላከ። ቅዳሜ ማታ ሰውየው ገቡ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችን ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። የቀጠሮውን መሥመር እኔ ላነብ ስል እትዬ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ቀስ እያሉ፣ «ሰ-ኞ፣ ከ-ጧ-ቱ፣ ሦ-ስት፣ ሰ-ዓ-ት» ብለው ለባለቤታቸው አነበቡላቸው።