መፍታትማ ማን ያቅተዋል?

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብሎን የምናላላበትም የምናጠብቅበትም መሣሪያ አንድ ነው፤ ስሙን ግን «መፍቻ» ብለነዋል። «መግጠሚያ» ሲለው የሰማሁት ሰው የለም። ነገሩ የቃል ጨዋታ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የሙያችንን ጠባይ ይናገራል። መፍታት ላይ ጎበዞች ነን። መግጠም ላይ እንቸኩላለን። ደንበኛውም ለመግጠም ገንዘብ ማውጣት አይወድም።

ይህን ያስነሳኝ ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ነው። አሁን ሰሜን ጣሊያን በአንድ አነስተኛ የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ይሠራል። (በነገራችን ላይ ቋንቋውን ሳይለምድ በፊት ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ እያለ ተግባብቷል። የጋራዥ ቃሎቻችን ከዚያው የመጡ ናቸውና!) የትሪያል ሞተር የኋላ ሊንኬጅ ፈትቶ፣ አጥቦ ሊገጥም ሲል አለቃው «ግማሽ ቀን ፈጀህ፤ ደንበኛውን ምን ብዬ ነው የማስከፍለው?» አለው። ልጁም «ቲቸር፣ አበዛሁት እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። አላበዛህም። ለምን እንደሆነ ለሁላችሁም ልንገራችሁ።

ትሪያል የፍጥነት ውድድር አይደለም። አሽከርካሪው ቋጥኝ፣ ግንድና ወንዝ እግሩን መሬት ሳያስነካ የሚያልፍበት ውድድር ነው። አንዴ እግር ካስነካ 1 ነጥብ፣ ሁለቴ 2፣ ከዚያ በላይ 3፣ መንገዱን ካልጨረሰ 5 ይቆጠርበታል፤ አሸናፊው ትንሽ ነጥብ ያለው ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የዓለም ሻምፒዮና ሲወስድ የኖረው የካታሎኒያው ቶኒ ቦው በዚህ ስፖርት ነው ስሙ የገነነው። ሞተሩ 70 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ እንደሌላው ሞተር ተቀምጠው የሚነዱበት ወንበር የለውም። የኋላ ጎማው አየር 0.3 ባር አካባቢ ነው፤ የመኪና ጎማ ከ2 ባር በላይ መሆኑን አስቡት። ይህ ሁሉ ጎማው ድንጋዩን እንዲይዝ ነው። የኋላው አሞርዛተር ትንሽ ከነከሰ ግን ጎማው ከድንጋዩ ይለቃል፣ እግር ይወርዳል፣ ነጥብ ይቆጠራል።

ሊንኬጅ የምንለው አሞርዛተሩንና የኋላውን ጎማ የሚይዘውን ክንድ የሚያገናኙት ትናንሽ ብረቶች ናቸው። ሥራቸው ጎማው መጀመሪያ ሲነሳ ሞላው ለስለስ እንዲል፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ደግሞ እንዲጠነክር ማድረግ ነው። በየመገጣጠሚያቸው ውስጥ የመርፌ ኩሽኔታ አለ፤ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረው ማለት ነው። የጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ስለሚዞር ግራሶውን እያዞረ ያዳርሳል። ይሄኛው ግን በጥቂት ዲግሪ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ግራሶው ከቦታው ከሸሸ አይመለስም፤ መርፌዎቹ አንድ ቦታ ላይ ሲመላለሱ ብረቱን ይቦረቡሩታል። ሊንኬጁ ደግሞ ከታች፣ ጭቃና ውኃ ከሚረጭበት ነው የተቀመጠው። ሰውየው ማታ በግፊት ውኃ ሲያጥበው የባሰ ውኃ ያስገባበታል። ከውጭ ሲታይ የሚያብረቀርቅ ሞተር ነው። ውስጡ ዝጓል።

እንግዲህ አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ሞተሩን ከሥሩ ደግፎ የኋላ ጎማው በአየር ላይ እንዲንጠለጠል ማድረግ። እያንዳንዱ ብሎን ከየት ወገን እንደገባ ፎቶ ማንሳት፣ ካርቶን ላይ በቅደም ተከተል መደርደር። በነጭ ጋዝ አጥቦ ማድረቅ። ከዚያ ብሎኑ የሚያልፍበትን ውስጠኛ ቱቦ ብርሃን ላይ ይዞ ጥፍርን ማስኬድ። ጥፍር ከያዘው አበቃ፣ ከነኩሽኔታው ይቀየራል። በአንዳንዱ ሞተር መርፌዎቹ ልቅ ናቸው፤ ስንት እንደነበሩ ቆጥሮ ስንት እንደገቡ መቁጠር ያስፈልጋል። ውኃ የሚቋቋም ግራሶ በመርፌዎቹ መሃል እስኪገባ መሙላት፣ አቧራ መከላከያ ጎሚኒዎቹን ቦታቸው ማስያዝ። ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ብቻ ማስገባት። የአሞርዛተሩን ብሎን ሳያስገቡ ክንዱን ከፍ አድርጎ መልቀቅ፤ ሳይነክስ በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። ወደ ጎን ሲነቀነቅ ደግሞ መጫወት የለበትም።

ማጥበቁ የመጨረሻው ነው። በቶርክ መፍቻ፣ በማኑዋሉ ቁጥር። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ! ብሎኑ በልኩ ሲጠብቅ ውስጠኛውን ቱቦ ቆንጥጦ ያቆመዋል፤ እንቅስቃሴው መርፌዎቹ ላይ ብቻ ይሆናል። ከላላ ቱቦው ራሱ በብሎኑ ላይ ይሽከረከርና ብሎኑንም የፍሬሙንም ቀዳዳ ይበላል። ኩሽኔታ በገንዘብ ይገዛል፤ ፍሬም ግን ሞተሩ ራሱ ነው። «እስኪጮህ ድረስ» ከጠበቀ ደግሞ የብሎኑ ጥርስ ይበላል።

«እኛ አገር ትሪያል ሞተር የት አለና?» የምትሉ ይኖራላችሁ። እውነት ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። ግን በየከተማው ሰው አሳፍሮ የሚሮጠው ሞተርም የኋላ ክንድ አለው፤ ክንዱም በአንድ ረጅም ብሎን ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያ ብሎን ሲደርቅና ሲላላ የሚወድቀው ነጥብ አይደለም፣ ሰው ነው። መኪና ላይም ያው ነው። ከብረት ጋር የተጣበቀ የጎማ ቡሽ ያለበትን ክንድ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ እያለ ከጨረሳችሁ፣ መሬት ሲወርድ ቡሹ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ለዚህ ነው የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ከረገጠ በኋላ የሚሆነው።

የጋራዥ ባለቤቶች ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ኪራይ አለ፣ ደንበኛው በራፍ ላይ ቆሞ ስልክ ይደውላል፣ «ግራሶ ቀብተህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ የምትጠይቀኝ?» ይላል። ልክ ናችሁ፣ አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ካርቶኑን ያያል፤ በደንብ የተገጠመን ነገር ግን የሚያይ የለም። እንግዲያው አሳዩት! ዋጋውን ከመፍታታችሁ በፊት ተናገሩ። የተቦረቦረውን ቱቦ እጁ ላይ አስቀምጡለት፣ በጥፍሩ ይሞክረው። የዚያን ጊዜ ሰዓታችሁን የሚከራከር ደንበኛ ጥቂት ነው። ከዚያም ወዲያ እንቢ ካለ፣ ደረቁን ዘግቶ «ተሠርቷል» ከማለት ሥራውን አለመቀበል ይሻላል። ደረቁን የዘጋ ሰው የሸጠው ጊዜ አይደለም፣ ውሸት ነው።

ደንበኞች ደግሞ፣ ፈጣን መካኒክ ስትፈልጉ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን አትርሱ። ለቀማው በእናንተ ኪስ ነው። ሥራ ስትረከቡ «ስንት ሰዓት ፈጀ?» ከማለት «ስትገጥመው ምን ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠራ ሰው ይመልሳል።

ጋራዥ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለአገጣጠም ብቻ ለይታችሁ የምታስከፍሉ ካላችሁ ደንበኛውን እንዴት እንዳስማማችሁ ከታች ጻፉልን። ጣሊያን ያለው ልጅም ያነበዋል፤ አለቃውን የሚያሳምንበት ነገር ይፈልጋል።