ምን እናጥና? የመንግሥት ሥራ መግቢያ ፈተና ይዘት በከሚሴ

በከሚሴ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ በሌላው የአገራችን ክፍል ከሚታየው ብዙ አይለይም። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ደመወዙ፣ ተፈላጊው የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ፣ የመመዝገቢያው ቀናት በየተራ ይዘረዘራሉ። ከግርጌው «የፈተናው ቀን ወደፊት በማስታወቂያ ይገለጻል» የሚል ይታከላል። አመልካቹ መቼ እንደሚፈተን ወደፊት ያውቃል፤ በምን እንደሚፈተን ግን ብዙውን ጊዜ የሚነግረው አያገኝም።

የፈተናው ይዘት፣ የየይዘቱ ክብደትና የፈተናው ቋንቋ ከማስታወቂያው ጋር አብረው መውጣት አለባቸው የሚል አቋም አለኝ። ጥያቄው በየትኛውም ዞን ሊነሣ ይችላል፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ግን ክብደቱ የተለየ ነው። ምክንያቱን ከታች አመለክታለሁ።

ይዘቱ ያልተነገረው ተፈታኝ ከመጠየቅ ሌላ አማራጭ የለውም። «ባለፈው ምን ወጣ?» ይላል። አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ይመክረዋል። ሌላው ቢፒአርን፣ ቢኤስሲንና ካይዘንን አጥና ይለዋል። ሦስተኛው ጠቅላላ ዕውቀት ይበዛል ይላል። የዩኒቨርሲቲ ደብተሩን ብቻ ይዞ የሚገባም አለ። ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም ሊስቱ ይችላሉ። የካይዘንን ትርጉም በቃሉ የወጣ የሒሳብ ባለሙያ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ መቻሉ በዚያ አይታወቅም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ፈተናው ከሚለካው አንዱ ተፈታኙ ለመሥሪያ ቤቱ ያለው ቅርበት ይሆናል። በቢሮው ውስጥ ዘመድ ወይም የክፍል ጓደኛ ያለው መልሱን ባያገኝ እንኳ የጥያቄውን አቅጣጫ ያገኛል። ከደዌ ሃረዋ ወይም ከጅሌ ጥሙጋ ገጠር ተነሥቶ የመጣው አመልካች ደግሞ ፈተናው ሳይጀመር ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሕጉ በውጤት ላይ ትልቅ ሸክም ጥሏል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከተወዳዳሪዎች መካከል የተሻለ ነጥብ ያገኘው እንዲመረጥ ይደነግግ ነበር። በዚያ አዋጅ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች ተወላጆች ይሰጥ የነበረው ቅድሚያም ቢሆን እኩል ወይም የተቀራረበ ውጤት ሲኖር የሚሠራ ነበር። እንግዲህ አንድና ሁለት ነጥብ የሰው ዕጣ ፈንታ የሚወስን ከሆነ፣ ነጥቡ ከየትኛው ይዘት እንደተገኘ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ወደ ቋንቋው እንምጣ። በብሔረሰብ አስተዳደሩ አፋን ኦሮሞ የሥራና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ ነው። ልጁ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ደግሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የክልሉ ደብዳቤና መመሪያም በአማርኛ ይደርሳል። በግዥ ሙያ የሠለጠነ ወጣት በአፋን ኦሮሞ «ጫልባሲ» ሲባል የሰማውን፣ በዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የተማረውን ነገር በፈተና ወረቀት ላይ «ውስን ጨረታ» ወይም «የውል ማስከበሪያ ዋስትና» ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ጽንሰ ሐሳቡን ያውቀዋል፤ ስሙን ላያውቀው ይችላል። ይህ ሰው ሲወድቅ የወደቀው በሙያው ነው ወይስ በቃሉ? ከውጤቱ ወረቀት ላይ መለየት አይቻልም። አማርኛ ለሥራው ያስፈልጋል ከተባለ (ለብዙ መደቦች ያስፈልጋል፤ አልክድም) ይኸው አስቀድሞ ይነገረው፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያጠናና የትኞቹን ስያሜዎች እንደሚለማመድ ይወቅ።

ሕንድ በዚህ መንገድ አልፋለች። የሕንድ የሲቪል ሰርቪስ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2011 በመጀመሪያው ዙር አጠቃላይ ችሎታን የሚለካ ወረቀት ሲያስገባ በሂንዲና በሌሎች ቋንቋዎች የተማሩ ተፈታኞች አዲሱ ወረቀት እንግሊዝኛ ለሚያውቁ ያደላል ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞው በ2014 ወደ አደባባይ ወጣ። በ2015 ወረቀቱ 33 በመቶ ካመጡ በቂ ነው ተብሎ ከደረጃ ማውጫነት ተነሣ። ተፈታኞቹ ሊከራከሩ የቻሉት ግን የየወረቀቱ ይዘትና ነጥብ አስቀድሞ የታተመ በመሆኑ ነው። ያልተጻፈን ነገር አድሏል ብሎ መክሰስ አይቻልም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር በየትምህርት መስኩ የሚፈተኑት ኮርሶችና ብቃቶች ተለይተው ለዩኒቨርሲቲዎች ተላልፈዋል፤ የማጠናከሪያ ትምህርቱም በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ተሰጥቷል። የፈተናውን ክብደት የሚተች ሞልቷል፤ ምን እንደሚያጠና ግን ተማሪው ያውቅ ነበር። ያው ወጣት በወራት ልዩነት ለመንግሥት ሥራ ሲፈተን ለምን ይህን ይነፈጋል?

አቅም የለም የሚል መልስ እሰማለሁ። የወረዳ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል የፈተና ባለሙያ እንደሌለው አውቃለሁ። ነገር ግን የሚፈለገው አዲስ ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ የሥራ መደብ የተጻፈ የሥራ ዝርዝር አለው፤ በነጥብ የሥራ ምዘና ደረጃ የወጣለትም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው። የመደቡ ተግባራት ከዚያ ይወጣሉ፣ ተግባራቱ የሚመሩባቸው አዋጆችና መመሪያዎች ከነቁጥራቸው ይጻፋሉ፣ ለየአንዳንዱ ከመቶ ስንት እንደተመደበ ይጠቀሳል። አንድ ገጽ ይበቃዋል። በመሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ሰሌዳ ላይ መውጣቱ ነው። በግሌ ለሚጠይቁኝ አመልካቾችም መጀመሪያ የሥራ ዝርዝሩን ጠይቁ እላለሁ፤ ሰጥተዋቸው የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው።

ይዘቱ ከታወቀ ሁሉም ሸምድዶ ይመጣል የሚለው ሥጋት ይበልጥ ክብደት አለው። ርእሱን መንገርና ጥያቄውን መንገር ግን ይለያያሉ። «የጨረታ ሰነድ ግምገማ» ተብሎ የተነገረው ተፈታኝ የሦስት ተጫራቾች ሰነድ ቀርቦለት አሸናፊውን ከነምክንያቱ ጻፍ ቢባል ሽምደዳው አያድነውም። ለሽምደዳ በር የሚከፍተው ከዓመት ዓመት የሚደጋገም ትርጉም ጠያቂ ፈተና ነው።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አንድ ሥራ ልጠቁም። ከከሚሴ፣ ከባቲና ከደዋ ጨፋ መሥሪያ ቤቶች ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች በፈቃድ ቢሰበሰቡ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ከመደቡ የሥራ ዝርዝር ጋር ማስተያየትና ስንቱ እንደሚገናኝ መቁጠር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚመጥን ነው። ከሥነ ልክ፣ ከሕዝብ አስተዳደርና ከቋንቋ ክፍል ሦስት ተማሪዎች ተባብረው ቢይዙት ደግሞ ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ ሲቀርብ ውጤቱ እንደሚለወጥም አብሮ ሊፈተሽ ይችላል። ወረቀቶቹ በየመዝገብ ቤቱ ሳሉ ቢጀመር ይሻላል፤ የቆየ ሰነድ በየጊዜው ይወገዳል።