የተበተነውን ነፃ ትምህርት ማን ይሰብስበው?



በጅዳና በመካ በሚኖረው ወገናችን መካከል አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። «ፎቶ ማቀናበር የት ልማር?» የሚል ነው። ጠያቂው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። በንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ወይም በኡሙል ቁራ የሚማረው ተማሪ ይጠይቃል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እኅታችን ትጠይቃለች። በባላድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን የሚውለው ወንድማችን ይጠይቃል። የሚሰጣቸው መልስም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዩቲዩብ ላይ ሞልቶልሃል፣ በነፃ ነው» ይባላሉ።

ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። ትምህርቱ በእርግጥ ሞልቷል። ሆኖም ገበያ ላይ እህል መሙላቱ ብቻ ቤት ያለውን ረኃብ አያስታግሥም። ሸማች፣ ወፍጮና ጋጋሪ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሞልቷል የተባለው ነፃ ትምህርት በራሱ ጊዜ ለወገናችን እንደማይደርስ፣ እንዲደርስ የማድረጉም ኃላፊነት በቅድሚያ በእኛ በተማሪዎች ላይ የወደቀ መሆኑን ማስረዳት ነው።

1ኛ. ጉዳዩ ስለምን ያሳስበናል?

አንዳንዶች «ወገናችን ስንት ችግር እያለበት ፎቶ ማሳመር ምን ይፈይዳል?» ይሉናል። አባባሉ ከመቆርቆር የመነጨ ቢሆንም ተጨባጩን ሁኔታ አያይም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የሳውዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከዚያም ወዲህ መመለሱ በየጊዜው ቀጥሏል። ከተመላሾቹ ብዙዎቹ ዓመታት የደከሙበትን ገንዘብም ሆነ ዕቃ ይዘው ለመግባት አልቻሉም። ሻንጣ ይቀራል፣ ያልተከፈለ ደመወዝም ይቀራል። በእጅ የገባ ሙያን ግን በአውሮፕላን ጣቢያ በር ላይ ተቀብሎ የሚያስቀር የለም።

የፎቶ ሥራ ደግሞ በአገራችን የታወቀ የእንጀራ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ወረዳ ከተማ ድረስ ጉርድ ፎቶ የሚያነሣ፣ የሠርግ አልበም የሚያዘጋጅ፣ ያረጀ የቤተ ሰብ ፎቶ የሚያድስ፣ የሱቅ ማስታወቂያና የጥሪ ካርድ የሚሠራ ሰው ይፈለጋል። ለመጀመሪያው ትምህርት አንድ መካከለኛ ኮምፒዩተር ይበቃል።

«ዛሬ ስልኩ ራሱ በአንድ ንክኪ ሁሉን ይሠራል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም መጥቷል፤ ታዲያ መማሩ ምን ይረባል?» የሚል ተቃውሞም ይነሣል። ስልኩ የፎቶውን ጀርባ መቁረጡ እውነት ነው። ዳሩ ግን ደንበኛው 4 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ ሲጠይቅ፣ ያ ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም ከተፈለገ 472 በ709 ፒክሰል ግድም መሆን እንዳለበት የሚያውቀው ሙያውን የተማረ ሰው ነው። የማያውቀው የደበዘዘ ፎቶ ያትማል፣ ደንበኛም ያጣል። መሣሪያው በቀለለ መጠን መሠረቱን የሚያውቅና የማያውቅ ሰው ልዩነት ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

2ኛ. «ነፃ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዚህ ቃል ዙሪያ ብዙ መደናገር ስላለ ነገሩን ማጥራት ያስፈልጋል። ትምህርቱ ነፃ ቢሆንም የሚማሩበት ፕሮግራም ነፃ ላይሆን ይችላል። ፎቶሾፕን የጀመረው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል ሲሆን ከወንድሙ ከጆን ጋር አዳብረውት እ.ኤ.አ. በ1990 በአዶቢ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ኩባንያው አዳዲሶቹን እትሞች የሚሰጠው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ ነው። ደመወዟን ለቤተ ሰቧ የምትልክ እኅት ይህን ኪራይ እንድትከፍል መምከር ቀልድ ይሆናል።

ስለዚህ ብዙው ሰው ወደ ተሰበረው፣ «ክራክ» ወደሚባለው ቅጂ ይሄዳል። ይህን ነፃ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያም በላይ እንዲህ ባለው ቅጂ ውስጥ የሚስጥር ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ተሸጉጦ መገኘቱ የተለመደ ነው። በዚያው ኮምፒዩተር ወይም ስልክ የባንክ ሒሳቡን ለሚከፍትና ገንዘብ ወደ አገሩ ለሚልክ ሰው ዋጋው ከኪራዩ ይበልጣል።

በአንጻሩ በእውነት ነፃ የሆነ ፕሮግራም አለ። ጊምፕ ይባላል። ይህንም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ ናቸው። ለሕዝብ የቀረበው በ1996 ሲሆን 3.0 የተባለው እትም በመጋቢት 2025 ወጥቷል። ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያባዛውና ሊያሻሽለው ይፈቀድለታል። ኢንተርኔት ባለበት ደግሞ ፎቶፒያ የተባለው ያለ ክፍያ በማሰሻ ላይ ይሠራል፤ የፎቶሾፕንም ፋይል ይከፍታል። ገቢውን በከፊል ከማስታወቂያ ያገኛል። ሁለቱም ታላላቅ ፕሮግራሞች ከተማሪ እጅ መነሣታቸውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እነርሱ ፕሮግራሙን ከባዶ ሠርተዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ትምህርቱን ማደራጀት ብቻ ነው።

3ኛ. የፍለጋው ችግር

የመጀመሪያው ችግር የቅደም ተከተል መጥፋት ነው። ዩቲዩብ የሚያቀርበው ተማሪው የሚያስፈልገውን ሳይሆን ብዙ ተመልካች ይስባል የተባለውን ነው። ስለዚህ ጀማሪው ፎቶ መጠኑን መለወጥ ሳይችል ሰውን በእሳት ውስጥ የሚያስመስል ብልኃት ይመለከታል። አሥር ብልኃት አይቶ አንድ ጉርድ ፎቶ ማዘጋጀት የማይችል ሰው ይበዛል።

ሁለተኛው የእትም አለመጣጣም ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው የጊምፕ 2.8 እትም ጀምሮ «ሴቭ» የሚለው ትእዛዝ የሚያስቀምጠው በፕሮግራሙ በራሱ ቅርጽ ብቻ ነው። ጄፔግ ለማውጣት «ኤክስፖርት» ማለት ግድ ይላል። ከዚያ በፊት በተቀረጸ ትምህርት የሚማር ሰው ሥራውን ጨርሶ ለጓደኛው ቢልክ አይከፈትለትም። ጥፋቱም የራሱ ድንቁርና ይመስለውና ትምህርቱን ይተዋል። ስለዚህ ማንኛውም ፈላጊ በመጀመሪያ በእጁ ያለውን እትም ቁጥር ማወቅ፣ ያንኑ ቁጥር በፍለጋው ላይ መጻፍና የቪዲዮውን ዓመት መመልከት ይገባዋል።

ሦስተኛውና ዋናው ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ ትምህርቱ ተትረፍርፏል። ዐረብኛ ተናጋሪውም አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳውዲ የተመሠረተው ሩዋቅ፣ በ2014 በዮርዳኖስ የተከፈተው ኢድራክ በልዩ ልዩ ሙያና ዕውቀት ነፃ ትምህርት በዐረብኛ ይሰጣሉ። በአማርኛም ጥረት የሚያደርጉ ወገኖች መኖራቸው አይካድም፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ሆኖም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተያይዞ የሚሄድ፣ መሠረቱን የሚያስይዝ ትምህርት አሁንም የሚያንሰን ይመስለናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ በአማርኛ በፎቶ ላይ መጻፍ የሚያግድ ነገር የለም። ነፃ የሆኑ የፊደል ቅርጾችም አሉ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ሰው ግን ይህን አይነግረንም፤ ጉዳዩ አይደለምና።

4ኛ. ምን ይደረግ?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት የፖለቲካ መሥመራቸው ምንም ይሁን ምን አንድ የሚወረስ ልማድ ነበራቸው። ይኸውም የጥናት ክበብ ነው። በቡድን ያነባሉ፣ ይወያያሉ፣ የተረዱትን በአማርኛ ጽፈው ያባዛሉ። አንድ ሰው ብቻውን የማይዘልቀውን መጽሐፍ አምስት ሆነው ይዘልቁታል። ዛሬ ይኸው ልማድ ለቪዲዮ ትምህርት ይሠራል እንላለን። ስለዚህም የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ) እንግሊዝኛና ዐረብኛ የሚችሉ አባላት ተከፋፍለው ትምህርቶቹን ይመልከቱ፤ ከመቶው አሥሩን ይምረጡ። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ቢሆን ይበጃል፤ መጠንና መቁረጥ፣ ብርሃንና ቀለም ማስተካከል፣ መምረጥ፣ ሌየር፣ ማስክ፣ ጉድለት መጠገን፣ በግዕዝ ፊደል መጻፍ፣ በመጨረሻም ለኅትመትና ለስልክ ማውጣት። ከሌየርና ከማስክ በፊት ወደ ብልኃት የሚዘል ትምህርት አይመረጥ።

ለ) ከተመረጡት ተነሥተን አጫጭር ትምህርቶችን በራሳችን ቋንቋ እንቅረጽ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በትግርኛም ጭምር መሆን አለበት፤ በጅዳ ያለው ወገናችን አንድ ቋንቋ ብቻ አይናገርምና።

ሐ) ትምህርቱ ለስልክ የሚመች፣ ያለ ኢንተርኔትም የሚታይ ይሁን። በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ያላት ጊዜ ሌሊት ወይም የዕረፍት ቀኗ ነው፤ ያም ከተፈቀደላት ነው። አንድ ትምህርት ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው።

መ) የሌላውን ሥራ ስንጠቀም የባለቤቱን ስም እንጥራ። በዩቲዩብ ፍለጋ ውስጥ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለውን ፈቃድ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ይህ ፈቃድ ያለውን ስሙን ጠርቶ መጠቀም ይፈቀዳል፤ የሌለውን ደግሞ ባለቤቱን እንጠይቅ። ይህች መካ ራሷ በዚህ ረገድ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ካሜራ ከያዙት ቀደምት የመካ ሰዎች አንዱ ሐኪሙ አብዱል ጋፋር ነበር። ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ሁርግሮንየ የእርሱን ፎቶዎች በ1889 ሲያሳትም ፎቶግራፈሩን በስሙ አልጠራውም፤ በፎቶዎቹ ላይ የነበረውም የዐረብኛ ፊርማ ከብዙዎቹ እንዲጠፋ ተደርጓል። የሰው ድካም በፎቶ እርማት ሊሰረዝ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አንፈልግም።

5ኛ. አንድ ማስጠንቀቂያ

ፎቶ ማቀናበር የሚችል እጅ የኢቃማ ቀንም መለወጥ ይችላል። ችግር የጠናበት ወገን እንዲህ ያለውን ሥራ እንድንሠራለት ሊለምነን ይችላል። መልሳችን አንድ መሆን አለበት፤ አይሆንም። ሐሰተኛ ወረቀት የያዘው ሰው ይታሠራል፣ የሠራለትም ይታሠራል፣ በሕጋዊ ወረቀት የሚኖረውም ሁሉ ይጠረጠራል። እንዲሁም የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለውጦ መበተን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳውዲ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ የሰውን የግል ሕይወት በካሜራ ስልክ በሚደፍርና በኢንተርኔት ስም በሚያጠፋ ላይ እስከ አንድ ዓመት እሥራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጫ ይጥላል። ይህ ጉዳይ በመጀመሪያው ትምህርት ውስጥ ይግባ እንጂ እንደ ኅዳግ ማስታወሻ አይታይ።

ውድ አባላት፤ ካይሮም ሆነ ቤይጂንግ፣ በርሊንም ሆነ ዋሽንግተን ያላችሁ ይህ የጅዳና የመካ ጉዳይ ብቻ ነው አትበሉ። በእናንተም ከተማ ቀን በሥራ፣ ማታ በድካም የሚውል ወገን አለ። እኛ የተማሪነት ጊዜ፣ ቋንቋና ኮምፒዩተር አለን። እርሱ ፍላጎቱ አለው። በመካከል ያለው ገደል የሚሞላው «ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል» በሚል መልስ ሳይሆን ተቀምጦ በመሥራት ነው። የሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ይህን ጉዳይ በአጀንዳው ይያዝ። ሦስት ሰው እንኳ ከተገኘ ሥራው ይጀመር።