አሻንጉሊትን አትስደቡብን

ሰሞኑን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከአንድ ካፌ ተቀምጠን ስለ አንድ አዲስ ልቦለድ ስናወጋ፣ አንድ ወዳጄ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ «ገጸ ባሕርያቱ አሻንጉሊቶች ናቸው!» ሲል ፈረደ። ሁላችንም አጸደቅንለት፤ እኔም ጭምር። ቤቴ ስገባ ግን ፍርዱ ከነከነኝ። የተሰደበው ደራሲው ሳይሆን አሻንጉሊቱ ነበርና።

እስቲ ፀሐይን አስቧት። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የፈጠረቻት፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበችው የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ፣ የእጅ አሻንጉሊት ናት። የእጅ አሻንጉሊት ፊቱ አይኮሳተርም፤ እንባም የለውም። አንገቱን ደፋ ሲያደርግ ግን ሕፃኑ ማዘኑን ያውቃል። ያልተነገረውን ሕፃኑ ራሱ ይሞላዋል፤ ነፍስ የሚዘራው እዚያ ላይ ነው።

በ«ስቶፕ ሞሽን» ፊልም ደግሞ ባለሙያው አሻንጉሊቱን በጥቂቱ አንቀሳቅሶ ፎቶ ያነሣል፤ እንደገና ያንቀሳቅሳል፤ እንደገና ያነሣል። የአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስል ነው። አንዱን አቋም ለሁለት ምስል ቢያቆየው እንኳ ለአንድ ደቂቃ 720 አቋም ይጠብቀዋል። ስታሬቪች እ.ኤ.አ. በ1912 በሩሲያ የሞቱ ጢንዚዛዎችን በሽቦ እግር አቁሞ የፍቅርና የቅናት ታሪክ ሠርቶባቸዋል። የሞተ ጢንዚዛ ሲቀና ታየ! የኛ ደራሲ ግን ጀግናውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስለቅሶ በተከታዩ ይድረዋል፤ በመካከል ያለውን ማመንታት፣ ትንፋሽና ዝምታ ማን ይሥራለት?

«አሻንጉሊት እኮ የራሱ ፈቃድ የለውም» ትሉኝ ይሆናል። የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህስ ፈቃድ ነበረውን? ከደራሲው ብዕር ውጭ አንዲት እርምጃ አልተራመደም፤ ሆኖም አልቅሰንለታል። ነውሩ በሰው እጅ መንቀሳቀስ አይደለም። ነውሩ እጁ መቸኮሉ፣ ለተመልካቹም የሚሞላው ክፍተት አለመተዉ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፣ ፍርድህን አንሣ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት አሻንጉሊቶች አይደሉም። አሻንጉሊትማ በሆኑልን!