አረንጓዴዋን ቅጠል ማን ለጠፋት?

አካባቢን የማይጎዳ ጉዞ ለማቀድ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የመረጃ ችግር የለበትም። ስልኩን ሲከፍት ቅጠል የተለጠፈባቸው ሆቴሎችና ስማቸው ላይ «ኢኮ» የጨመሩ ሎጆች ይደረደሩለታል። ምልክት ካለ የመረመረ አለ የሚለው እምነት ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ቡኪንግ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የ«ዘላቂ ጉዞ» ምልክት በአብዛኛው ሆቴሎቹ ስለ ራሳቸው በሞሉት ቅጽ ላይ የቆመ ነበር፤ ተፈታኙ የራሱን ወረቀት አርሞ ውጤቱን ለጠፈ ማለት ነው። የኔዘርላንድስ የሸማቾችና የገበያ ባለሥልጣን አሠራሩ ሸማቹን ሊያሳስት ይችላል ካለ በኋላ ኩባንያው በ2024 ምልክቱን አነሣ። በዚያው ዓመት የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ኬኤልኤም አየር መንገድ በረራን አረንጓዴ አስመስሎ ያወጣቸውን ማስታወቂያዎች አሳሳች ናቸው ብሏል። የሆቴሎቹ ምልክት እስኪነሣ ድረስ ስንቱ ተጓዥ ቅጠሏን አምኖ ከፍሏል!

«ታዲያ የገለልተኛ መርማሪ ሰርተፊኬት እንመን» የሚል ይኖራል። ይሻላል፣ እሱስ አያከራክርም። ግን እዚያም ማጣራት ያስፈልጋል። የዓለም ዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት መስፈርት ያወጣል፣ ለመርማሪ ድርጅቶችም እውቅና ይሰጣል፤ ራሱ ለሆቴል ሰርተፊኬት አይሰጥም። ስለዚህ «የምክር ቤቱን መስፈርት እንከተላለን» የሚለውና ተመርምሮ ያለፈው ለየቅል ናቸው። የምርመራውን ወጪ የሚሸፍነውም ሆቴሉ በመሆኑ አቅም የሌለው ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ጥብቅ ስፍራ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረው ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ ራሱ እየወሰነ፣ ደንብ የጣሰውንም ራሱ እየቀጣ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። ምልክት ብቻ የሚከተል ተጓዥ ይህን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። (ይህ ሲባል «የማኅበረሰብ» የሚል ታፔላ የሰቀለ ሁሉ ይታመን ማለት አይደለም፤ እሱም ታፔላ ነው።)

እኔ የምለው፣ የሚታመን ምንጭ መጥፎውንም የሚጽፍ ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ነበር። ስለ ግጦሹ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዋልያው ቁጥር የተጻፉት ሪፖርቶች ማንም በነፃ ሊያነባቸው ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ስለ ፓርኩ ውበት ብቻ የጻፈ ብሮሹር ለተጓዡ ግማሹን ነው የነገረው። ከሚያሻሽጥ ይልቅ ጉድለት ከሚመዘግብ ሰነድ መጀመር ያዋጣል።

«ሁለት ሳምንት ዕረፍት ያገኘ ሰው መርማሪ ሊሆን ነው?» ቢባል፣ ክፍል ለማስያዝ ከሎጁ ጋር መጻጻፉ አይቀርምና ሦስት ጥያቄ መጨመር አይከብድም። ማገዶው ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ከተራራው የተቆረጠ አስታ? የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ የት ይገባል? በቅሎ ጫኙና ስካውቱ በቀን ስንት ያገኛሉ፣ ገንዘቡንስ ማን በእጃቸው ይሰጣቸዋል? ሥራውን የሚያውቅ ሎጅ እነዚህን ለመመለስ አማካሪ አይቀጥርም። በስም፣ በቦታና በብር ከመመለስ ይልቅ «ተፈጥሮን እናፈቅራለን» የሚል መልእክት ከላከልዎት ገንዘብዎን ለሌላ ይክፈሉ።