«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት



ዛሬ የምጽፈው ስለ ኮምፒውተር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ በሥራዬ ቤት ለቤት ስዞር ግን ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ ዝም ማለት አልፈለግሁም። በየቤቱ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አለ። ልጆች ወደ ሠራዊት ሲሄዱ ወይም ሲያገቡ ትተውት የሄዱት ነው። ጨዋታው፣ ዘፈኑ፣ የትምህርት ቤቱ ሥራ ሁሉ ሞልቶበታል። አባት ቦታ እንዲያገኝ ብለው ማጽዳት ይጀምራሉ። አንዱ ፎልደር ይጠፋል፣ ሌላውም ይጠፋል፣ አንዱ ግን እምቢ ይላል። ደግመው ይጫኑታል፤ በዕብራይስጥ የተጻፈ መስኮት ብቅ ይላል፤ አሁንም እምቢ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ለልጅ ይደወላል። ልጁ ሥራ ላይ ነው፤ «ተወው አባ፣ አትንካው» ብሎ ይዘጋል። ወይም ኮምፒውተሩ ታቅፎ ወደ ቴክናይ ይወሰዳል፤ ቴክናዩም ብዙ ሳያይ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለው በሙሉ ይጠረግ ማለት ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ሳያውቁ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ ይላሉ።

እኔ ይህን እቃወማለሁ። በአንድ እምቢተኛ ፎልደር ምክንያት ሁሉን መጥረግ ጥገና አይባልም።

የማውቀው አንድ ቤተሰብ አለ። አባትየው የታላቅ ወንድማቸውን ድምፅ ቀድተው ነበር፤ በእግር ወደ ሱዳን ሲሄዱ ማን የት እንደቀረ፣ ማን የት እንደተቀበረ፣ በስም በስሙ የተናገሩትን። ወንድምየው ካረፉ በኋላ የልጅ ልጅ የጫነው የጨዋታ ፎልደር አልጠፋ ብሎ ኮምፒውተሩ ለጥገና ተሰጠ። ሲመለስ ንጹሕ ነበር። ፎልደሩም የለም፣ ድምፁም የለም። ሌላ ቅጂ አልነበረም።

ሌላ ሰው የአያቱን ፎቶ ከመሳቢያ ያወጣል። የእኛ ሰው በሱዳን በረሃ ሲያልፍ አልበም አልያዘም። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ሲመጣም ብዙው የለበሰውን ብቻ ለብሶ ነው የገባው። ስለዚህ ያለን ነገር እዚህ ከመጣን በኋላ የቀዳነው ድምፅና የሰበሰብነው ፎቶ ነው። እሱም በእነዚህ አሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ፎልደሩ ልመለስ። ብዙ ሰው «ቫይረስ ነው» ብሎ ይደነግጣል። አልፎ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ፎልደሩ ውስጥ ያለ ዘፈን ከኋላ ተከፍቶ ይሆናል፣ ፎቶ ማሳያው አልተዘጋ ይሆናል፣ ወይም ዋን ድራይቭ የሚባለው ፋይሎቹን ወደ ኢንተርኔት እየገለበጠ ይሆናል። በመስኮቱ ላይ «ቤሺሙሽ» የሚል ቃል ካያችሁ ነገሩ ይህ ነው፤ በሥራ ላይ ነኝ እያለ ነው። አንዳንድ ጊዜ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው እዚያው ላይ ይጽፋል፤ እኛ ግን ሳናነብ እንዘጋዋለን። የተከፈተውን ሁሉ ዝጉ። ካልሆነ ኮምፒውተሩን «ሃፍዓላ ሜሓዳሽ» አድርጉ፤ አጥፍቶ ማብራት ሳይሆን ይኼ ይሻላል፤ እንደገና ሲነሣ ምንም ሳትከፍቱ ፎልደሩን አጥፉ። ከሚመጡብኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር እዚህ ላይ ያልቃል።

«ሃርሻአ» የሚል ከሆነ ደግሞ ፈቃድ የለህም ማለቱ ነው። ፎልደሩን የሠራው ሌላ ተጠቃሚ ነው፤ ምናልባት በራሱ ስም የገባው ልጃችሁ። «ሜናሄል» በሆነው ስም መግባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አስምሩልኝ፦ ዊንዶውስ ወይም ፕሮግራም ፋይልስ የሚል ስም ያለው ፎልደር እምቢ ካለ፣ እምቢ ማለቱ ደግ ነው። ኮምፒውተሩ የሚቆመው በእነሱ ነው፤ ተዉአቸው።

ስሙ ረዝሞ እምቢ የሚልም አለ። ዊንዶውስ በተለምዶ ከ260 ፊደል በላይ የሆነ አድራሻ ያስቸግረዋል፤ ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ እሱም በሌላ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ ይሞላል። የውጪዎቹን ፎልደሮች ስም አንድ አንድ ፊደል ብቻ አድርጋችሁ ስትቀይሩ መንገዱ ያጥራል። ከካሜራ የወጣች ካርድ ከሆነች ደግሞ ጎኗን እዩ፤ ትንሽ መዝጊያ አለቻት፤ ወደ መቆለፊያው ከተገፋች ምንም አይጠፋም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም። ያጠፋችሁት ነገር መጀመሪያ ወደ «ሳል ሃሚሕዙር» ይሄዳል፣ ከዚያ መመለስ ይቻላል። ሺፍትን ይዛችሁ ካጠፋችሁ ግን ወደዚያ አይገባም። ከዩኤስቢ የሚጠፋውም እንደዚሁ። ዋን ድራይቭ ውስጥ ያለውን ስታጠፉ ደግሞ ከስልካችሁም ይጠፋል። በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ጽፎ በግድ ማጥፋት የሚያሳይ ወጣት ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ ቅጂ ይውሰድላችሁ፤ በዚያ መንገድ የሚጠፋው ወደ ሳሉ አይገባም።

ደውሎ «ከማይክሮሶፍት ነኝ፣ ኮምፒውተርህን ከዚህ ሆኜ አስተካክላለሁ» የሚል ሰውም አለ። ዝጉበት። ማይክሮሶፍት ሳትጠሩት አይደውልም። አስቀድማችሁ ካስገባችሁት፣ በ119 የመንግሥት የሳይበር ሞኬድ አለ፤ ባንካችሁንም አሳውቁ።

ወጣቶቹ «ወላጆቻችን ከነኩት ያበላሹታል» ይሉኛል። እኔ ካየሁት ግን ቸኩሎ ሁሉን የጠረገው ብዙውን ጊዜ ዕውቀት አለኝ የሚለው ነው። ሽማግሌ ሰው ከመጫኑ በፊት ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። አንድ በሬ ለመሸጥ ሦስት ገበያ ውሎ የተመለሰ ሰው አንድ ፎልደር ለመመርመር ትዕግሥት ያንሰዋል?

በየማትናሱ ለአዋቂዎች ኮርስ ሲከፈት የሚያስተምሩት ፎርም መሙላትና ቶር መያዝ ነው። ያስፈልጋል። ግን አንድ ክፍለ ጊዜ መገልበጥንና ማጥፋትን፣ እነዚያን ሦስት አራት የመስኮት ቃላትም በአማርኛ እያስረዱ ቢያስተምሩ ብዬ እጠይቃለሁ። ልጆችም በሞጻኤ ሻባት ስትመጡ አሥር ደቂቃ ስጡ፤ ማውሱን ግን አባታችሁ ይያዙት።

ኮምፒውተሩ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ፎቶውና ድምፁ ውጪያዊ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ አንዱን ከፍታችሁ እንደሚሠራ እዩ። ለቴክናዩም በወረቀት ጻፉለት፦ «ሳትጠይቀኝ ፎርማት አታድርግ»። እምቢ ያለውን መስኮት ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ማንም ቢረዳችሁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ምን አለ?» ብሎ ነው።